ልጅ ይዘሽ ቤት ስትሆኚ ያጠራቀምሽውን ብር ያለ ፀፀት እንዴት ትጠቀሚዋለሽ

ይሄን የምፅፈው ወልደው ቤት ላሉ፣ ደሞዛቸው ለቆመ ወይ ለቀነሰ፣ እና ከባንክ ብር ባወጡ ቁጥር የሰው ኪስ የገቡ ያህል ለሚሰማቸው እናቶች ነው። ዳይፐር ገዝተሽ የባንኩ ሜሴጅ ሲገባ ቀሪ ሂሳቡን ላለማየት ስልኩን የምትገለብጪ ከሆነ፣ ለልጁ ሳታቅማሚ ገዝተሽ ለራስሽ አንድ የጡት መያዣ ለመግዛት ግን ሳምንት የምታስቢ ከሆነ፣ ባልሽ ገና ምንም ሳይጠይቅሽ "ይሄ እኮ ቅናሽ ነበረው" እያልሽ ማስረዳት የምትጀምሪ ከሆነ፣ ላንቺ ነው። የብዙ ሴቶች ነገር ነው፣ ግን ስለማይወራ እያንዳንዷ እሷ ብቻ ያለች ይመስላታል።

የማምንበትን አስቀድሜ ልንገርሽ። "አይዞሽ አትፀፀቺ" የሚል ምክር አይሰራም፣ ስንት ሰው ብሎሻል፣ ምን ለወጠ? ብሩ ለምን እንደሚወጣ፣ በወር እስከ ስንት እንደሚወጣ፣ እና ማን ከማን ጋር እንደተስማማበት ካልተወሰነ እያንዳንዱ ወጪ ጥፋት ይመስላል፣ የ200 ብር ሳሙና እንኳን። ስለዚህ ስሜቱን ከመታገል ውሳኔውን ብትወስኚ ይሻላል። ወረቀትና እስክሪብቶ ይበቃሻል፣ ልጁ ሲተኛ ሲተኛ ከፋፍለሽ ትጨርሽዋለሽ።

መጀመሪያ ፀፀትሽ የትኛው እንደሆነ ለዪ

ከውጭ ሲታይ አንድ ይመስላል ግን የተለያየ ነው፣ መፍትሄውም እንደዛው። አንዷን የሚያስጨንቃት "አሁን ገቢ የለኝም፣ ስለዚህ የማወጣው የሱን ብር ነው" የሚል ሀሳብ ነው። ሌላዋ ብሩ የራሷ እንደሆነ ታውቃለች ግን ለቤት ወይ ለመኪና ወይ ለማስተርስ ብላ ነው ያጠራቀመችው፣ እና አሁን በዳይፐርና በወተት ሲያልቅ ህልሟ አብሮ የሚያልቅ ይመስላታል። ሶስተኛዋ ደግሞ ፍርሃት ነው የያዛት፣ ብሩ አልቆ ልጅ ቢታመምስ፣ ባሌ ስራ ቢያጣስ እያለች እንቅልፍ የምታጣ። ሶስቱም ያሉብሽ ከሆነ የትኛው ሌሊት እንደሚቀሰቅስሽ ብቻ እይ፣ ከዛ ጀምሪ።

"የሱ ብር ነው" ለምትይው

ይሄን በደንብ ልበለው ምክንያቱም በጣም የሚያስለቅሰው ይሄኛው ነው። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ህግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ባልና ሚስት በጋብቻ ውስጥ በየግል ጥረታቸው የሚያገኙት ገቢ የጋራ ሀብታቸው ነው ይላል። በአንዳቸው ስም ብቻ የተመዘገበ ንብረት እንኳን የግሌ ነው የሚለው ሰው እስካላስረዳ ድረስ የጋራ ተደርጎ ነው የሚገመተው። ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ህግ አላቸው፣ ይሄኛው አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ የሚሰራው ነው፣ ግን የጋራ ሀብት የሚባለው ነገር እነሱም ጋ አለ። ማለት የፈለግኩት በዚህ ወር ደሞዝ የገባው በማን አካውንት ነው የሚለው ጥያቄ ብሩ የማን ነው ለሚለው መልስ አይሆንም። አንቺ ስትሰሪ ያጠራቀምሽውም ከጋብቻ በኋላ ከሆነ የሁለታችሁ ነው፣ እሱ አሁን የሚያመጣውም የሁለታችሁ ነው። ይሄ ሁለቱንም ወገን ስለሚያስር ነው ኋላ ላይ አብራችሁ ተቀመጡ የምለው።

ሌላም ነገር አለ። በአሰሪና ሰራተኛ አዋጁ፣ 1156/2011፣ የወሊድ ፈቃድ 30 ቀን ከመውለድሽ በፊት 90 ቀን ከወለድሽ በኋላ ነው፣ ከነሙሉ ደሞዙ። ለአባትየው የተሰጠው 3 ቀን ነው። ጤና ጣቢያ ስትሄጂ ደግሞ እስከ 6 ወር ጡት ብቻ አጥቢ ይሉሻል፣ ትክክልም ናቸው። እንግዲህ ፈቃዱ ያለቀው ልጁ 6 ወር ሳይሞላው ነው፣ ሞግዚት ብታገኚ እንኳን ገና አንገቱን እያፀና ያለ ልጅ ለማታውቂያት ሰው ትተሽ መውጣት ከባድ ነው፣ ደይኬር ያለው መስሪያ ቤት ጥቂት ነው፣ እናትሽ ክፍለ ሀገር ናት። ይሄን ክፍተት የሆነ ሰው መክፈል አለበት። እናንተ ቤት የከፈለው ያጠራቀምሽው ብር ነው። ይሄን እያየሽ "ብር አባካኝ ሆንኩ" ማለት ለራስሽ ፍትህ መንፈግ ነው።

ገና ፈቃድ ላይ ያለሽ ከሆነ ወይ ለመልቀቅ እያሰብሽ ከሆነ ሁለት ነገር ሳትጠይቂ እንዳትወጪ። ያልተጠቀምሽበት የአመት እረፍት ካለሽ ከወሊድ ፈቃዱ ጋር አያይዘሽ መውሰድ ይቻል እንደሆነ ጠይቂ፣ ስትለቂ ደግሞ ያልወሰድሽው የአመት እረፍት በብር ተሰልቶ ሊከፈልሽ ይገባል። ብዙ ሴት ተጣድፋ ስትለቅ ይሄን ትረሳዋለች፣ እና ያ ብር የአንድ ወር ዳይፐርና ወተት ሊችል ይችላል።

ሂሳቡ

አሁን ወረቀቱን አውጪ። የምታስፈልግሽ ቁጥር አንዲት ናት፣ በየወሩ የሚጎድለው ስንት ነው የምትለዋ። የቤቱ የወር ወጪ ሲደመር (ኪራይ፣ አስቤዛ፣ ትራንስፖርት፣ ዳይፐር፣ መብራት፣ ካርድ፣ እድር፣ ለቤተሰብ የምትልኩት ካለ) ከዛ ላይ የሚገባው ተጣርቶ ሲቀነስ። ወጪውን ከጭንቅላትሽ አትፃፊ፣ ያለፉትን ሁለት ሶስት ወራት ከሞባይል ባንኪንጉና ከቴሌብሩ ላይ እያየሽ ፃፊው፣ ከጭንቅላት የሚፃፍ በጀት ሁሌ ያሳንሳል።

ምሳሌ ልስጥሽ፣ ቁጥሮቹን በራስሽ ቀይሪያቸው። የቤቱ ወጪ በወር 38,000 ብር፣ የባልሽ የተጣራ ደሞዝ 27,000፣ የሚጎድለው 11,000። ባንክ ያለው 180,000። መጀመሪያ የክፉ ቀን ብር ለዪለት፣ 48,000 እንበል፣ ይሄ ለህመም፣ ለሀዘን፣ ለስራ ማጣት ብቻ ነው። የቀረው 132,000 ነው፣ ለ11,000 ሲካፈል 12 ወር። በቃ። ይሄ 132,000 ከዛሬ ጀምሮ ስሙ "የልጅ ጊዜ ብር" ነው፣ የተቀመጠበትን ስራ ሊሰራ የወጣ ብር ነው። ግን እዚህ ሀገር አንድ አመት ሙሉ ዋጋ ባለበት አይቆምም፣ ስለዚህ ጉድለቱን 10% ጨምረሽ አስቢው፣ 12,100 ይሆናል፣ ወደ 11 ወር ገደማ ያቆይሻል ማለት ነው። እኔ ሁሌ በሁለተኛው ቁጥር ወስኚ እላለሁ።

ይቺ ስሌት ያቺን ሶስተኛዋን፣ በፍርሃት የምትባንነውን፣ ከማንም በላይ ትረዳታለች። "ብሩ እያለቀ ነው" የሚለው ሀሳብ ማለቂያ ስለሌለው ነው የሚያስፈራው፣ "እስከ ሚያዝያ ይበቃናል፣ የክፉ ቀኑም አልተነካም" ሲሆን ግን ልትኖሪበት የምትችይው ነገር ነው። ስሌቱ 4 ወር ብቻ ቢያወጣልሽም ማወቁ ይሻላል፣ 4 ወር እኮ ስራ ለመፈለግም፣ አነስ ወዳለ ቤት ለመቀየርም፣ ሞግዚት አፈላልጎ ለማለማመድም ጊዜ ነው።

ለቤት ብለሽ ያጠራቀምሽ ከሆነ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የኮንዶሚኒየም ተመዝጋቢ ሆነሽ የ20/80 ወይ የ40/60 ቁጠባ እያስቀመጥሽ ከነበረ እሱን ከዚህ ስሌት አውጪው፣ እሱ ተራን የሚነካ ነገር ስለሆነ ባንኩ ጋ ሄደሽ ማቋረጥ ወይ ማውጣት ምን እንደሚያስከትል ሳትጠይቂ አትነኪው። ሌላው በራስሽ ያስቀመጥሽው የቤት ብር ግን ሊዘገይ የሚችል እቅድ ነው። ቤቱ በሁለት አመት ይዘገያል ብለሽ በግልፅ ፃፊው፣ አዲስ አመተ ምህረት ስጪው። ህልሙ ቀኑ ተቀየረ እንጂ አልተሰረዘም፣ እና በወረቀት ላይ አዲስ ቀን ሲኖረው ሀዘኑ በጣም ይቀላል።

ደግሞ ያልተነካ ብር ባለበት ይቆያል የሚለው ሀሳብም ልክ አይደለም። ከ2010 ጀምሮ ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7% ነው፣ 100,000 ብር አስቀምጠሽ በአመቱ የምታገኚው 7,000 አካባቢ ማለት ነው። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ባንክ ውስጥ ከ57 ብር ተነስቶ በአጭር ጊዜ ከ100 አለፈ፣ ከውጭ የሚገባ ፎርሙላና ዳይፐር ዋጋው ምን እንደሆነ አንቺ ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ይሄን የምለው ያለሽን ሁሉ አውጥተሽ ጨርሺ ለማለት አይደለም። ብቻ ልጅሽን ለማጥባት ያወጣሽውን ብር፣ ባላወጣው ኖሮ ሙሉ ዋጋውን ይዞ ይጠብቀኝ ነበር እያልሽ እንዳታዝኚበት ነው።

በወር አንዴ ብቻ አውጪ

ለእኔ ከሁሉም በላይ ለውጥ የሚያመጣው ይሄ ነው፣ ቀላል ስለሆነ ሰው ይንቀዋል። ከቁጠባ አካውንትሽ በየቀኑ 600፣ 1,200፣ 350 እያልሽ የምታወጪ ከሆነ በየቀኑ ትወስኛለሽ፣ በየቀኑም ትፀፀቻለሽ። ይልቅ ሌላ አካውንት ክፈቺ ወይ ቴሌብርሽን ለዚህ ተጠቀሚበት፣ እና በወሩ መጀመሪያ ላይ ወይ የባልሽ ደሞዝ በሚገባበት ቀን 11,000ውን አንዴ ትራንስፈር አድርጊው። ባንክ ሄደሽ በየወሩ በዚህ ቀን ይተላለፍ ብለሽ ቋሚ ትዕዛዝ ብትሰጪ ደግሞ እጅሽም አይነካውም። ከዛ በኋላ ወሩን ሙሉ የምታወጪው የቤት ወጪ ነው፣ ከቁጠባ እየቆረስሽ አይደለም። ልክ ደሞዝ እንደነበረሽ ጊዜ። ወሩ ሳይጋመስ ካለቀ ችግሩ የበጀቱ ነው፣ ቁጭ ብለሽ ታስተካክይዋለሽ።

ከ11,000ው ውስጥ ለራስሽ የሚሆን ቆርጠሽ አስቀምጪ፣ 1,000ም ይሁን 1,500። ፀጉር፣ ቡና ከጓደኛ ጋር፣ ጡት መያዣ፣ የፈለግሽው፣ ማንም የማይጠይቅሽ። ይሄን ሲሰሙ "ኧረ እኔ አልፈልግም" የሚሉ እናቶች አሉ፣ እነሱ ናቸው በጣም የሚያስፈልጋቸው። ባልሽም የራሱ ይኑረው፣ አንቺ አትጠይቂው።

በተረፈ አንድ የማልወደው ልማድ አለ። ቁጠባዋን መንካት ያስጨነቃት ሴት ባንክ 100,000 ብር እያላት ከስልኳ ላይ ብድር ትወስዳለች፣ እንደ ቴሌብር መላ ያሉትን፣ ወይ ከጓደኛ ትበደራለች፣ ወይ ሱቅ በዱቤ ትወስዳለች። ያበደረሽ አካል የአገልግሎት ክፍያ ወይ ወለድ አለው፣ መክፈያው ቀን ደግሞ ይደርሳል፣ ያኔ ያው ከቁጠባሽ ነው የሚወጣው፣ ከነጭማሪው። ብር እያለሽ አትበደሪ። እንደዚሁ ደግሞ በአንድ እጅ 11,000 እያወጡ በሌላ እጅ "ቁጠባ እንዳላቋርጥ" ብለው 1,000 የሚያስገቡ አሉ፣ ልብ ያሳርፍ ይሆናል ግን ሂሳቡ ላይ ምንም አይጨምርም፣ የወጪውን መጠን ይደብቅሻል እንጂ።

እቁብና እድር

እቁብ ላይ ካለሽ ብቻሽን ተጨንቀሽ በየሳምንቱ ከቁጠባሽ እያወጣሽ አትክፈይ፣ ዳኛውን ወይ ፀሐፊውን አናግሪ። እጣሽን ገና ካልወሰድሽ ከሌላ ሰው ጋር አንዱን እጣ ለሁለት መካፈል ይቻል እንደሆነ፣ ወይ የሚተካሽ ሰው ማምጣት ትችይ እንደሆነ ጠይቂ፣ አራስ መሆንሽን የሚያውቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይተባበራል። እጣውን ወስደሽ ከሆነ ግን ክፍያው እዳ ነው፣ ከጉድለቱ ሂሳብ ውስጥ አስገቢው። እድርን አታቋርጪ። በወር የሚከፈለው ትንሽ ነው፣ ክፉ ነገር ቢመጣ ደግሞ የክፉ ቀን ብርሽን ከመራቆት የሚያድነው እሱ ነው።

ፀፀቱ ቦታውን ሲስት

አንድ ነገር ይገርመኛል፣ በጣምም ያሳዝነኛል። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ይነሳሉ፣ ሙስሊም ቤት አቂቃ አለ፣ እና ለዛ ቀን ድንኳንና በግ እና መጠጥ ሲቆጠር የቤቱ የሶስትና የአራት ወር ጉድለት በአንድ ከሰዓት ሲወጣ ማንም ሰው ፀፀት አይሰማውም፣ "ደስ አይልም እንዴ ልጅ እኮ ነው" ይባላል። ያቺው እናት በሳምንቱ ግማሽ ኪሎ ስጋ ለራሷ ስትገዛ ልቧ ይደነግጣል። እኔ ደግሱም አትደግሱም አልልም፣ ሃይማኖታዊው ስርአት በራሱ ብዙ ወጪ አይጠይቅም፣ ወጪው ያለው ድግሱ ላይ ነው። ያንን ወጪ ግን ስሌቱ ውስጥ አስገብታችሁ "ይሄ ድግስ የ3 ወር ቤት መቀመጥ ዋጋ ነው" ብላችሁ አይታችሁ ወስኑ። ብዙ ሰው እንደዛ ሲያየው ለቅርብ ቤተሰብ ብቻ ያደርገዋል።

ምግብሽ ላይ ግን እንዳትቆጥቢ፣ እባክሽ። የጤና ኤክስቴንሽን ሰራተኞች ለምታጠባ እናት የሚሉት ከተለመደው በላይ በቀን ሁለት ተጨማሪ ምግብ ነው፣ ለነፍሰ ጡር አንድ፣ ላንቺ ሁለት። የአራስ ጥየቃው ካለቀ፣ ገንፎውና አጥሚቱ ከቆመ በኋላ እናቶች ሌላው ሰው የተረፈውን መብላት ይጀምራሉ፣ ቀኑን ሙሉ በሻይና በዳቦ ይውላሉ፣ "ምን ሰርቼ ነው" እያሉ። አንቺ እየሰራሽ ነው፣ ሰውነትሽ ሌላ ሰው እየመገበ ነው። እንቁላል፣ ምስር፣ ጎመን፣ ወተት በበጀቱ ላይ "የእናት ምግብ" ተብሎ በራሱ መስመር ይፃፍ፣ ከዳይፐሩ እኩል።

መቆጠብ የምትችይበት ሌላ ቦታ አለ። የልጁ ክትባት በመንግስት ጤና ጣቢያ በነፃ ነው፣ ሲወለድ፣ በ6 ሳምንት፣ በ10፣ በ14፣ ከዛ የኩፍኙ በ9 ወርና በ15 ወር፣ ካርዱን ይዘሽ መሄድ ብቻ ነው። ልብስ ከእህትሽ ልጆች ውሰጂ፣ ልጅ በወር በወር ነው የሚያድገው። ቀን ቀን ቤት ስለሆንሽ ጨርቅ መጠቀም ከቻልሽ ዳይፐሩን ለሌሊትና ለመውጫ አድርጊው፣ ግን እጥበቱ አንቺን ሊገድልሽ ከሆነ ይቅር፣ ጉልበትሽም ወጪ ነው። ጥሩ የሚጠባ ልጅ ይዘሽ "ያጠግበዋል" በሚል ወሬ ብቻ ፎርሙላ እየገዛሽ ከሆነ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ሄደሽ ክብደቱን አስለኪ፣ ክብደቱ በደንብ እየጨመረ ከሆነ ያ ትልቅ ወጪ ላያስፈልግሽ ይችላል። ፎርሙላ የሚያስፈልገው ልጅ ከሆነ ግን ያስፈልገዋል፣ እዛ ላይ ፀፀት የለም፣ በወተት ላይ ውሃ እያበዙ መቆጠብ ደግሞ ልጁን ይጎዳል፣ ቆርቆሮው ላይ የተፃፈውን ልክ ጠብቂ።

ከባልሽ ጋር መነጋገር

ይሄ ከሁሉም የሚከብደው ክፍል ነው፣ ቁጥሩ ግን ስራውን ያቀልልሻል። ማታ ደክሞት ሲገባ፣ ወይ ብር የጠየቅሽው ቀን፣ ወይ የሆነ ነገር ተገዝቶ ሲታይ አትጀምሪው። እሁድ ከሰዓት፣ ልጁ ተኝቶ፣ ቡና ተፈልቶ፣ ወረቀቱን ፊቱ አስቀምጪው። ይቅርታ በመጠየቅ አትጀምሪ። "ብር ብዙ እያወጣሁ ነው መሰለኝ" ብለሽ ከጀመርሽ ወሬው ያንቺ ጥፋት ላይ ይሆናል። እንዲህ በይው ለምሳሌ፦

"በወር 11,000 ይጎድለናል። ካለን ላይ 48,000 ለክፉ ቀን እናስቀር፣ ሌላው ልጁ አንድ አመት እስኪጠጋ ያቆየናል። በወሩ መጀመሪያ አንዴ አወጣለሁ፣ ከዛ ውስጥ 1,500 የኔ ነው አንጠያየቅበትም፣ ላንተም እንደዛው። ጥር ላይ እንደገና እንየው። ምን ትላለህ?"

ከዛ ዝም በይና ስሚው። ብዙ ባሎች እኮ እነሱም ፈርተው ነው የሚነጫነጩት፣ ቤቱ በነሱ ደሞዝ ብቻ ቆመ ብለው ሌሊት ያስባሉ ግን አይናገሩም፣ ቁጥሩን ሲያዩ ይረጋጋሉ። የተስማማችሁበትን እዛው ወረቀት ላይ ፃፉት፣ የሁለታችሁም ስልክ ላይ ፎቶ ይኑር። በሚቀጥለው ጊዜ ፀፀቱ ሲመጣ የምትመልሺለት "ተስማምተናል" ብለሽ ነው፣ ያ ደግሞ ትልቅ ነገር ነው።

ባልሽ ብሩን ከልክሎሽ፣ የባንክ ካርድሽን ወስዶ፣ ለልጅ ህክምና እንኳን የምትለምኚ ከሆነ ግን እዚህ የፃፍኩት በጀት አይፈታውም። ያንን ለምታምኛቸው የቤተሰብ ሽማግሌዎች ወይ ለወረዳሽ የሴቶችና ህፃናት ፅህፈት ቤት ተናገሪ፣ ብቻሽን አትያዢው።

አማትሽ ወይ ጎረቤት "እንግዲህ ቤት ተቀምጠሽ..." ብለው ሲጀምሩ ሂሳብ አታሳዪያቸው። "ተመካክረንበት ነው እማዬ" በቂ ነው፣ በአክብሮት ብለሽ ወሬ ቀይሪ። ባስረዳሽ ቁጥር የነሱ ፈቃድ የሚያስፈልግ ይመስላል።

ውጭ ላላችሁ

አሜሪካ ያላችሁ እህቶች ጋ ነገሩ ሌላ ክብደት አለው። እዛ ሀገር አቀፍ የሆነ የሚከፈልበት የወሊድ ፈቃድ የለም፣ በ1993 እ.ኤ.አ. የወጣው የቤተሰብና የህክምና ፈቃድ ህግ የሚሰጠው 12 ሳምንት ያለ ክፍያ ነው፣ እሱም 50 እና ከዛ በላይ ሰራተኛ ያለው ድርጅት ውስጥ ቢያንስ አመት ለሰራች። አንዳንድ ግዛቶች የራሳቸው የሚከፈል ፈቃድ አላቸው፣ ያለሽበትን ሳታጣሪ ቁጠባሽን መቁጠር አትጀምሪ። ግን እናንተን የሚያንገበግባችሁ ይሄ ብቻ አይደለም፣ ወደ ሀገር ቤት የምትልኩት ነው። ቁጠባ እየበላሽ ለእናትሽ መላክ፣ መቀነስ ደግሞ የባሰ ፀፀት። የምመክርሽ የምትልኪውን ዝም ብለሽ አታቋርጪው፣ ደውለሽ ተናገሪ፦ "እማዬ ወልጄ ፈቃድ ላይ ነኝ፣ እስከ ፋሲካ ድረስ በግማሽ እልካለሁ፣ ከዛ ወደ ነበረበት እመልሰዋለሁ።" መጠንና ጊዜ ያለው ነገር ቤተሰብም ይረዳዋል፣ አንቺም ወር በመጣ ቁጥር አትሸማቀቂም። ሁለቱንም፣ የሚላከውንም የሚጎድለውንም፣ አንድ ወረቀት ላይ አድርጊያቸው።

ስሜቱ ብር ብቻ ካልሆነ

ይሄን ሁሉ ሰርተሽ፣ ቁጥሩ ልክ ሆኖ፣ ባልሽ ተስማምቶ፣ አሁንም ቀኑን ሙሉ ከንቱ ነኝ፣ ሸክም ነኝ የሚል ሀሳብ ካልለቀቀሽ፣ ልጁ ተኝቶም እንቅልፍ እምቢ ካለሽ፣ ምንም ደስ የማይልሽ ከሆነ እና ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ይሄ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድብርት ሊሆን ይችላል። በሽታ ነው፣ ይታከማል። ጤና ጣቢያ የልጁ ክትባት ቀን ስትሄጂ ለነርሷ ንገሪያት፣ ለሱ ብለሽ ሌላ ቀን አትጠብቂ። ራስሽን ወይ ልጁን የመጉዳት ሀሳብ ከመጣብሽ ደግሞ ዛሬውኑ ለቅርብ ሰው ተናግረሽ ሆስፒታል ሂጂ።

ብሩ የክፉ ቀኑ ጋ ሲደርስ

አንድ ቀን 132,000ው ያልቃል፣ እንዲያልቅ ነው የተቀመጠው። ሊያልቅ ሁለት ወር ሲቀረው፣ ካለቀ በኋላ ሳይሆን፣ እንደገና ወረቀቱን አውጡ። ያን ጊዜ ያላችሁ ምርጫ ብዙ አይደለም። ወይ ወደ ስራ ትመለሻለሽ፣ ያኔ የሞግዚቷን ደሞዝና ቀለብ፣ ትራንስፖርትሽንና ምሳሽን ከደሞዝሽ ላይ ቀንሰሽ የሚተርፈው ስንት እንደሆነ እይ፣ ትንሽ ቢሆንም ከስራ ገበታ አለመራቅ፣ የጡረታ መዋጮው፣ አንቺ 7% አሰሪሽ 11% የሚከፍሉት፣ አለመቋረጡ ዋጋ አለው። ወይ ቤት ሆነሽ የሚሰራ ነገር ትጀምሪያለሽ፣ እሱን ግን ጉድለቱ ስንቱን እንደሚሸፍን በቁጥር አስቢ እንጂ የክፉ ቀኑን ብር መነሻ ካፒታል አታድርጊው። ወይ ወጪውን ትቀንሳላችሁ፣ ብዙ ጊዜ የሚቀንስ ነገር ያለው ኪራዩ ላይ ነው። ሞግዚት የምትፈልጊ ከሆነ ፍለጋውን በነዚህ ሁለት ወራት ውስጥ ጀምሪ፣ አንቺ ቤት እያለሽ ሶስት አራት ሳምንት አብራሽ ትቆይ፣ ደሞዟንም ከመጨረሻው ወር በጀት ላይ ከአሁኑ ቆርጠሽ አስቀምጪው።